ምድጃው ላይ የተቀመጡት ጓንቶች

ቪዝማ ደብዳቤውን ለስድስተኛ ጊዜ አነበበችው። ስድስት ጊዜ ተነብቦም ያው ነው፤ ግማሹ ደስ ይላል፣ ግማሹ ያስፈራል።

«ቪዝማዬ፣ እንደተባባልነው ሐሙስ ጠዋት ጓንቶቹን እናቴ ምድጃ ላይ አስቀመጥኳቸው። ማታ ስመለስ አልነበሩም። አንስታቸዋለች ማለት ነው! ግን ምንም አላለችኝም። እራት ላይ ስለ ሪጋው ገበያ ስታወራ አመሸች። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ታውቂያለሽ፣ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ነገ ሪጋ ሄጄ የገና ገበያ መሸጫችንን እጠብቃለሁ። ቅዳሜ የበዓሉ ግንድ ሳይቃጠል እደርሳለሁ። እስከዚያ እንዳትጨነቂ። እኔ ግን እየተጨነቅሁ ነው። ኢንጉስ።»

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፍ የኢንጉስ ጠባይ ነው። በስልክ ከሆነ «ደህና ነሽ? እዚህ በረዶ ጥሏል» ከማለት አያልፍም፤ የልቡን የሚያወጣው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ትናንት ከሪጋ ደውሎላት ቪዝማ የሰማችው የገበያውን የደወል ጫጫታና «ምን አልሽ? አይሰማም!» የሚለውን ጩኸቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጼሲስ ከተማ ወዲያ ባለው በዚህ መንደር፣ የጥንቶቹን አማልክት ባልተዉት ጥቂት ቤቶች ዘንድ፣ ለጋብቻ የተጠየቀች ሴት «እሺ» ብላ አትመልስም። ጓንት ሠርታ ትሰጣለች። ወንዱ ወስዶ እናቱ ምድጃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አፉንም ይይዛል። እናቲቱ ካነሳችው ሙሽራዋ ቤቷ ገባች ማለት ነው። ሦስት ቀን ሳይነካ ከቀረ ልጁ ለሠሪዋ ይመልስላታል፤ ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ማንም አልተዋረደም። ሪጋ ያሉ እኩዮቿ ነገሩን በቀለበትና በእራት ግብዣ ሲጨርሱት፣ ቪዝማ መኸሩን ሙሉ በሱፍ ክር ስትንገላታ የከረመችው ለዚህ ነው።

ችግሩ ምድጃው የወይዘሮ ሊቪያ መሆኑ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ የድንጋይ ቤት የእሳቸው ነው። «የጥንቱ የፀሐይ በዓል» እያሉ ለእንግዳ የሚሸጡት ዝግጅት በታኅሣሥ መንገዱን ሁሉ አውቶቡስ በአውቶቡስ ያደርገዋል። የገለባው ጌጥ በሣጥን፣ ግንድ መጎተቱ በቲኬት፣ አተሩ በትንሽ ሳህን፣ ሁሉም ዋጋ ተለጥፎበታል። ጓንቱንና ጌጡን የምትሠራላቸው የቪዝማ እናት ቴክላ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስታስረክብ በወጥ ቤቱ በር ገብታ በወጥ ቤቱ በር ነው የወጣችው። ባለፈው መኸር ወይዘሮ ሊቪያ ኢንጉስንና ቪዝማን አብረው ፖም ሲለቅሙ አይተው፣ «የጓንት ሠሪዋ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ግን ሳሎን ሌላ፣ ወጥ ቤት ሌላ» አሉ። ቪዝማ ይህን በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።

እንደዚያ ያሉት ሴትዮ አሁን ጓንቶቹን አንስተዋል። ዝም ብለው አነሱ። ይህ ዝምታ ምን ማለት ነው?

«ቪዝማ! እዚያ ወረቀት ላይ ተጣብቀሽ ቀረሽ እኮ!» ቴክላ ከወጥ ቤት ጮኸች። «አተሩ ሊያርብኝ ነው፣ ጮማው አልተቆረጠም፣ የሴትዮዋ ጌጥ አልታሸገም። ዛሬ በዓል ነው ወይስ ፋብሪካ?»

«መጣሁ እማዬ።»

«እስቲ ቀና በይ። ከጠረጴዛችን በላይ ምን ይታይሻል?»

ቪዝማ ቀና አለች። ጣሪያው ላይ ባዶ ምስማር ብቻ ነበር።

«ምንም።»

«አዎ፣ ምንም! ለሰው አርባ ሠርተን ለራሳችን አንድ የገለባ ጌጥ የለንም። የዕድል አምላካችን ላይማ ዛሬ ለሰው ሁሉ ዕጣውን ልትሰጥ ስትዞር እዚህ ቤት ምን ብላ ትገባለች? ምስማር ልታይ?»

«አንዱን ከሣጥኑ እናውጣና እንስቀለው።»

«የታዘዘ ዕቃ ነው! ሴትዮዋ ጉድ ታፈላለች።» ቴክላ እንዲህ እያለች አተሩን በጮማ ለውሳ ሳህኑን ልጇ ፊት አስቀመጠች። «ሳትበዪ አትወጪም። አንድም እንዳይተርፍ። የተረፈ አተር የሚመጣው ዓመት እንባ ነው።»

ቪዝማ ጎረሰች። ወዲያው ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ካፖርቷን ስታነሳ እናቷ ሳህኑ ላይ አጎነበሰች።

«ሰባት! ሰባት አተር ትተሽ ልትሄጂ?»

«በዓመት ሰባት ጊዜ ብቻ ካለቀስኩማ ምን ጎደለኝ?» አለች ቪዝማ። ለቀልድ ነበር ያለችው፤ ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

ቴክላ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ማነው እሱ?»

«ማን?»

«ቀዩን ክሬን የጨረሰው ሰው። መስከረም ላይ የደበቅኩት ክር ነበረኝ፤ ዛሬ ድራሹ የለም። አይጥ እንዳትይኝ ብቻ፤ አይጥ ቀለም አይመርጥም።»

ቪዝማ ፊቷ ቀላ። ቴክላም ሌላ አልጠየቀችም፤ የልጇን የካፖርት ቁልፍ ልክ እንደ ሕፃን እስከ አገጯ ድረስ ቆለፈችላት። «እጁ ብቻ ደግ ይሁን» አለች። ቪዝማ ይህን ሰምታ እንዳታለቅስ እየሮጠች ወጣች።

* * *

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሊቪያ ግቢ ውስጥ ሦስት አውቶቡስ ቆሟል። ቪዝማ ዕቃውን በወጥ ቤቱ በር አስረከበችና እዚያው ጓዳ ውስጥ የበዓሉን ጭምብል ለብሳ ሽመላ ሆነች። በየዓመቱ ሽመላ የሚሆነው ጎረቤታቸው ወገቡን ስለታመመ ተራው ለእሷ ደርሷት ነበር። ሽመላ መሆን አይከብድም። የበግ ቆዳ ካፖርት ገልብጦ ከራስ በላይ መልበስ፣ አንዱን ክንድ በእጅጌው ውስጥ ወደ ላይ አንስቶ የእንጨቱን መንቁር መያዝ ነው። ገመዱ ሲሳብ መንቁሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ውጭው የሚታየው በካፖርቱ የቁልፍ ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው። ጭምብል የለበሰ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በገዛ ድምፁም አይናገርም፤ ይህ ሕግ ዛሬ ለቪዝማ ተስማማት። ፊቷን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም።

ሞት፣ ድብና ሽመላ ተከታትለው ወጡ። ሞት የሆነችው ፊቷን በዱቄት የለቀለቀችው የመንደሩ ፖስተኛ ናት።

«ደብዳቤው ደረሰሽ?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀች ሞት።

ሽመላዋ አንድ ጊዜ ቀጭ አለች።

ወይዘሮ ሊቪያ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ማይክሮፎኑን ከያዙ ደግሞ በቀላሉ አይለቁትም። «ክቡራን እንግዶቻችን! ዛሬ የዓመቱ አጭሩ ቀን ነው። ግንዱን እየጎተትን ቤቱን ሦስት ጊዜ እንዞራለን፤ ያለፈውን ዓመት ሸክማችንን ጭነንበት እናቃጥለዋለን። ፀሐይም ትመለሳለች። የስጦታ ክፍላችን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው!»

እንግዶቹ ገመዱን ያዙ። ከፊት የቆመችው ብርቱካንማ ጃኬት የለበሰች፣ ሳቂታ ጀርመናዊት ናት። ሽመላዋ እንደ ደንቡ እየዘለለች፣ የሰው ኮፍያ በመንቁሯ እየነካካች አጠገቧ ደረሰች። ያኔ በቁልፍ ቀዳዳው በኩል ቀይ ነገር አየች።

ቀይ ጓንት ነው። ነጭ ኮከብ አለበት። ቪዝማ በሆዷ «ባለ ኮከብ ጓንት ሞልቷል፤ እናቴ ብቻ በዓመት ሃምሳ ትሠራለች» አለች። የግራው አውራ ጣት ላይ ግን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነበረች። ያቺን ነጥብ ሆን ብላ ያስገባቻት ራሷ ናት። ለኢንጉስ ስትሰጠው «በሺህ ጓንት መካከል እንዳይጠፋብህ» ብላው ነበር።

አልጠፋም። ይኸው አገኘችው፤ በማታውቃት ሴት እጅ ላይ።

ሐሳቧ ተዘበራረቀ። አንስተዋቸዋል፤ አንስተው ሸጧቸው። ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው? ሦስት ቀን ምድጃው ላይ ቢተዉአቸው ይበቃ አልነበረም? ለዚያ ሁሉ ሌሊት፣ ለዚያ ሁሉ ክር፣ አንድ ዝምታ ይበቃት ነበር። ኢንጉስስ ያውቃል? ያውቅ ከነበረ ደብዳቤው ምንድን ነው? የማያውቅ ከሆነስ እናቱን እንዲህ አያውቃቸውም ማለት ነው? አንዱን ስታምን ሌላው ይፈርስባታል።

ወይዘሮ ሊቪያ ከደረጃው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እንግዳችንን ተመልከቱልኝ! የለበሰችው የኮከብ ጓንት ነው። በድሮ ጊዜ የሙሽራ ጓንት አማቷ ምድጃ ላይ ይቀመጥ ነበር። አማቲቱ ካነሳችው ሴት ልጅ አገኘች ማለት ነው። እንዴት ያለ ውብ ወግ ነው! ስጦታ ክፍላችን ውስጥ በአርባ ዩሮ ያገኙታል።»

አስጎብኚው ተረጎመ፤ እንግዶቹ «ኦ!» አሉ። ሽመላዋ ውስጥ ከሰባቱ እንባዎች የመጀመሪያው ወረደ። ዓመቱን እንኳ አልጠበቀም።

* * *

የኢንጉስ አሮጌ መኪና የግቢው በር ላይ ሲቆም ግንዱ ሁለተኛውን ዙር ጀምሮ ነበር። ኢንጉስ በሩን ሳይዘጋ ወረደ። እጁ ባዶ ነው፤ ሪጋ ላይ ከትናንት ጀምሮ ብርድ ሲጠብሰው ቆይቶ ጣቶቹ ቀልተዋል። ሺህ ጓንት እየሸጠ አንዱን እንኳ አላጠለቀም። ሌላ ጓንት ላለመልበስ ለራሱ ቃል ገብቶ እንደሆነ ቪዝማ ገብቷት፣ ልቧ በአንዴ ሊሮጥለትም ሊሸሸውም ፈለገ።

እየሳቀ የገመዱን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ አለ። ያኔ አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የጀርመናዊቷን እጅ እያየ እንደቆመ ግንዱ መጥቶ ጫማውን መታው፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ የሆነውን ቪዝማ አስባ አላደረገችውም። ጭምብል የለበሱ ሰዎች በዚህ ቀን የሰው ዕቃ መንጠቅ ወጋቸው ነው። መንቁሩ ራሱ የሄደ ይመስል ቀጭ አለና የግራውን ጓንት ከጀርመናዊቷ እጅ መንጭቆ ወሰደ። ሴትዮዋ በደስታ ጮኸች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ስልኮች ሁሉ ወደ ሽመላዋ ዞሩ።

«ሽመላ» አለ ኢንጉስ ቀርቦ። «እሱን ስጪኝ። የእኔ ነው።»

ሽመላዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«የእኔ ነው አልኩ እኮ! ተለምኜ አይደለም የተሰጠኝ፤ ለምኜ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ከእጅጌው ጫፍ የወጡትን ጣቶች አየ። የክር ቀለም ጥፍር ሥር ከገባ በሳሙና አይለቅም፤ ሰማያዊ ክር ስትነክር የከረመችው የቪዝማ ጣቶች ከመስከረም ጀምሮ ሰማያዊ ናቸው። ኢንጉስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ነሽ?»

ጭምብል አይመልስም።

«አላውቅም ነበር። በዛሬዋ ፀሐይ እምላለሁ፣ አላውቅም ነበር። ካላመንሽኝ አንድ ጊዜ ቀጭ በይ፤ ተመልሼ እሄዳለሁ።»

ቪዝማ የመንቁሩን ገመድ ያዘች። ልትስበው አልቻለችም፤ ልትለቀውም አልቻለችም። ማመን ትፈልጋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስፈራት ማመኑ ነው።

ኢንጉስ ዞሮ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣና እናቱ ፊት ቆመ። «እማ፣ ሸጥሻቸው?»

ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበር። «ሸጥሻቸው?» የሚለው ቃል ግቢውን ዞሮ ከጎተራው ግድግዳ ላይ ተመልሶ መጣ።

«ምኑን?» አሉ ወይዘሮ ሊቪያ ግራ ተጋብተው።

«ጓንቶቹን! ሐሙስ ምድጃሽ ላይ ያስቀመጥኳቸውን።»

«ምድጃው ላይ የነበሩትን? እነሱማ የቴክላ ዕቃ መስለውኝ… መደርደሪያ ጠቦን ምድጃው ላይ ሁሉ ዕቃ ደርድረን የለ እንዴ? እኔ ዋጋ ለጥፌ…»

አልጨረሱትም። ዐይናቸው ከልጃቸው ባዶ እጅ ወደ ጀርመናዊቷ እጅ፣ ከዚያም ጓንት በመንቁሯ ይዛ ወደ ቆመችው ሽመላ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በፊት በገዛ አፋቸው የተናገሩት ወግ ገና አሁን ጆሯቸው የደረሰ ይመስል ፊታቸው ነጣ።

«የማን?» አሉ በመጨረሻ። ያም በድምፅ ማጉያው ተሰማ።

«ታውቂያለሽ የማን እንደሆኑ። ሳሎን ሌላ፣ ወጥ ቤት ሌላ ያልሽባት ናት። እኔ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቤት ናቸው እላለሁ። አላነሳም ብትዪ እኮ እመልስላት ነበር! አንቺ ግን አላየሻቸውም። ወጉን በቀን አራት ጊዜ እያወራሽ፣ ቤትሽ ሲመጣ አላየሽውም!»

አንድም ቃል ያልገባቸው እንግዶች ይህ ሁሉ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። አንዱማ «ብራቮ!» አለ።

ወይዘሮ ሊቪያ ማይክሮፎኑን አዩት። ዘጉትና ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ግንዱ ሦስተኛውን ዙር እንዴት እንደዞረ፣ እሳቱን ማን እንደለኮሰው፣ ቪዝማ አታስታውስም። የምታስታውሰው ተራዋ ደርሶ ሸክሟን ልትጥል ግንዱ ፊት ስትቆም፣ ምን እንደምትጥል ግራ እንደገባት ነው። ኢንጉስን? ወይዘሮ ሊቪያን? እሷ የያዘችው አንድ ጓንት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እሳቱ ውስጥ ለመጣል እጇ እንቢ አላት።

ፀሐይ ገብታ አውቶቡሶቹ ሞተር ሲያስነሱ ነው ነገሩ ትዝ ያላቸው።

«ቀኙ!» ብሎ ጮኸ ኢንጉስ።

ጀርመናዊቷ በመስኮቱ በኩል ጥርሷ ሁሉ እየታየ እጇን ታውለበልብላቸዋለች። በእጇ ላይ ቀይ ጓንት፣ ነጭ ኮከብ። አውቶቡሱ በሩን አልፎ ወደ ሪጋ መንገድ ታጠፈ። ኢንጉስ መታጠፊያው ላይ እስካለው ጥድ ድረስ ሮጦ ባዶውን ተመለሰ።

* * *

«ሽመላ» አሉ ወይዘሮ ሊቪያ። «ግቢ።»

ቪዝማ በልማዷ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረች።

«በዚያ አይደለም። በዚህ።»

ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ምድጃ ዕቃ ተቆልሎበት ሊታይ አልቻለም። ወይዘሮ ሊቪያ ሻማውን፣ ብስኩቱን፣ በሣጥን የታሸገውን የእነ ቴክላን ጌጥ በክንዳቸው ጠርገው ወለሉ ላይ አፈሰሱት። ጥቁሩ ድንጋይ ታየ። ሞቅ ያለ አተር በሳህን አምጥተው ሽመላዋን አስቀመጧት። «በዚህ ቤት ጭምብል የለበሰ ሰው ሳይበላ ስሙ አይጠየቅም። ይህን እንኳ አልረሳሁም።»

ቪዝማ መንቁሩን አውርዳ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከቆዳው ውስጥ ወጣች። አንዲት አተር እንዳትቀር ጠርጋ በላች። ኢንጉስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለመግባትም ለመውጣትም አልደፈረም።

«የእኔ ሁለት ቀን ቆዩ» አሉ ወይዘሮ ሊቪያ ድንገት።

«ምንዎ?» አለች ቪዝማ።

«ጓንቶቼ። እዚህ ድንጋይ ላይ። እኔም የላም አላቢ ልጅ ነበርኩ። አማቴ ሁለት ቀን በአጠገባቸው እያለፈች አልነካቻቸውም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን አነሳቻቸው። ያኔ ‹እኔ ምራቴን አንዲት ሰዓት አላስጠብቅም› ብዬ ምዬ ነበር።» መሐረባቸውን ፈልገው አጡት። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ብቻ ነው። «ዋጋ ለጠፍኩባቸው፣ ልጄ። በገዛ እጄ።»

ቪዝማ ልትቆጣ ፈለገች፤ መብቷም ነበር። ልታጽናናቸውም ፈለገች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ስላላወቀች ጓንቱን አገላብጣ አየችው። አንድ ጓንት ብቻ ነው። ለሁለት ጓንት ወግ አለ፤ ለአንድ ጓንት ግን ከቴክላም ከማንም የሰማችው ወግ የለም።

ቢሆንም ተነስታ ሄደችና ባዶው ምድጃ ላይ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ ሊቪያ አንዲት ሰዓት አላስጠበቋትም። ጓንቱን አንስተው በግራ እጃቸው አጠለቁት። ለልጃቸው እጅ የተሠራ ስለነበር ሰፍቷቸው እስከ ክንዳቸው ደረሰ። ሰማያዊዋን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ላይ አዩዋት። ከዚያ ባዶውን ቀኝ እጃቸውን ወደ ቪዝማ ዘረጉ።

«ይኸኛው እጄ በረደኝ» አሉ።

ቪዝማ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ ራሷም አላወቀችም። ሰማያዊ ጣቶቿን ልብሷ ላይ ጠራረገች፤ አልለቀቁም። እንዲያው በሰማያዊነታቸው የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እጁ እውነትም በጣም ቀዝቅዞ ነበር።